ለመኪናው የእርጅና ቅናሽ የሚይዝ ነጋዴ ለራሱስ ምን ይዟል?

ሰኔ 30 ቀን ሂሳብ ሲዘጋ ከሐረር ጅጅጋ፣ ከሐረር ድሬዳዋ ጭነት የሚያመላልስ ነጋዴ ለአይሱዙው የእርጅና ቅናሽ ማስያዙን አይዘነጋም። የሒሳብ ሠራተኛው ቢረሳው እንኳ ባለቤቱ ያስታውሰዋል፤ ቅናሹ ከግብር የሚተርፍ ገንዘብ ነውና። መደርደሪያው፣ ሚዛኑ፣ ኮምፒዩተሩ፣ ማቀዝቀዣው ሁሉ በየዓመቱ ምን ያህል እንዳረጀ በመዝገብ ይሰፍራል። በዚያ መዝገብ ላይ ከቶ የማይገኝ ንብረት ግን አንድ አለ። የደንበኛውን ስም፣ የዱቤውን ልክ፣ የአስመጪውን ጠባይ፣ የትኛው ሾፌር እንደሚታመንና የትኛው እንደማይታመን በጭንቅላቱ ይዞ የሚዞረው ባለቤቱ ራሱ ነው። እሱም ያረጃል። መለዋወጫውም እንደ አይሱዙ መለዋወጫ ከድሬዳዋ ተገዝቶ አይመጣም።

ይህን ክፍተት አይቶ የገባ ገበያ አለ። መጽሐፍ አዟሪዎች በክንዳቸው ደርድረው ከሚያዞሯቸው መጻሕፍት መካከል ብዙዎቹ ራስን ስለ ማሻሻል የሚናገሩ ናቸው። ከፊሎቹ «በአንድ ቀን የሁለት ቀን ሥራ መሥራት ይቻላል» የሚሉ የጊዜ አጠቃቀም መጻሕፍት ሲሆኑ፣ ከፊሎቹ ደግሞ «እስከ 100 ዓመት በጤና መኖር ይቻላል» ባዮች ናቸው። ዴል ካርኔጊ፣ ስቲቨን ኮቪ፣ ሮቢን ሻርማ የሚሏቸው ስሞች ለከተማው ነጋዴ አዲስ አይደሉም። ጥያቄው ግን ሌላ ነው። ከእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ዋጋውን የሚያወጣው ምክር የትኛው ነው? ለመያዣ ብቻ የተጨመረውስ?

ሐረር ይህን ለመመዘን የተመቸች ከተማ ናት። መጻሕፍቱ ከሚሸጡት ምክር ገሚሱ በጀጎል ግንብ ውስጥ ያለ ዋጋ ሲሰጥ የኖረ ነው። ገንዘብ ያገኘው ነጋዴ ግን ከግንቡ ወጥቶ በአዲሱ ከተማ ሰፊ ቤት ሲሠራ ያንን ነጻ ስጦታ ጥሎት ይወጣል። ኋላም ስኳርና ግፊት ሲጀምረው የጣለውን መልሶ ከመጽሐፍ ለመግዛት ይነሳል።

ፔጆ 404 ለምን አልሞተችም?

ባጃጅ ከተማውን ከመሙላቱ በፊት የሐረር ታክሲ ሲባል ፔጆ 404 ማለት ነበር። መኪናይቱ በፈረንሳይ አገር የተመረተችው ከ1960 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ ነው። በየትኛውም የሒሳብ አያያዝ የመዝገብ ዋጋዋ ዜሮ ከሆነ ዘመን የለውም። ይሁንና ዜሮዋን ይዛ ሰው ጭና የሐረርን ዳገት ስትወጣና ስትወርድ አሥርተ ዓመታት አሳልፋለች።

ምስጢሩን የሚያውቁት ጋራዦች ናቸው። ዘይት በጊዜው ተቀየረላት፤ ድምፅ ስትሰጥ ቆመች፤ ዳገት ላይ በማይሆን ማርሽ አልተጨነቀችም፤ ጠባይዋን የሚያውቅ አንድ መካኒክ ነበራት። ስቲቨን ኮቪ በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የ7ቱ ልማዶች መጽሐፍ የመጨረሻ አድርጎ ያስቀመጠው ልማድ ይኸው ነው። እሱ በመጋዝ ይመስለዋል። እንጨት ቆራጭ መጋዙን ለመሳል ሥራ ማቆም አለበት፤ ሳይስል የሚቆርጥ ብዙ ይደክማል፣ ጥቂት ይቆርጣል። መጋዝ ለማያውቅ የሐረር ነጋዴ የ404ቷ ምሳሌ ይበልጥ ይገባዋል።

ሰውነት በዚህ ረገድ ከመኪና አይለይም። ከ30 ዓመት በኋላ የሰው ጡንቻ በየ10 ዓመቱ ከመቶ 3 እስከ 8 ያህል እየቀነሰ እንደሚሄድ ሐኪሞች ይናገራሉ። የደም ግፊት ደግሞ ድምፅ የሌለው ብልሽት ነው። 140 በ90 ደርሶም ባለቤቱ ምንም ላይሰማው ይችላል። መኪና ቢያንስ ያንኳኳል፣ ያጨሳል። ስለዚህ 40 ዓመት ያለፈው ነጋዴ «ምንም አላመመኝም» ማለቱ ማስረጃ አይሆንም። የግፊት ልኬት ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ ዋጋውም የመኪናውን ዘይት ከመቀየር ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ግንቡ ውስጥ የነበረው የስፖርት ቤት

አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያስገነቡት የጀጎል ግንብ የሚያቅፈው ቦታ 48 ሄክታር ያህል ነው። ዙሪያው ከ3 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ጥንታውያኑ 5 በሮች ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር የተሠሩት ለእግረኛና ለጭነት እንስሳ ነው። በውስጡ ያሉት ጠባብ መንገዶች አብዛኞቹ ዛሬም መኪና አያሳልፉም። ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወርድ ሰው፣ በልብስ ስፌት መኪኖቹ ድምፅ ስሙን ባገኘው በመኪና ግርግር አልፎ የሚሄደው በእግሩ ነው። መውረዱ ብቻም አይደለም፤ መመለሻው ዳገት ነው።

ይህ ለጤና ምን ይፈይዳል ለሚል ጥያቄ መልሱ ከለንደን ይመጣል። ጄሪ ሞሪስ የተባሉት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ1953 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሾፌሮችና ቲኬት ቆራጮች አነጻጸሩ። ሁለቱም አንድ አውቶቡስ ላይ ይውላሉ፤ መንገዱም ጭሱም አንድ ነው። ሾፌሩ ግን ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፣ ቆራጩ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። የልብ ሕመም የበዛውና የከፋው በሾፌሮቹ ላይ ሆኖ ተገኘ። በእኛ አነጋገር ረዳቱ ከሾፌሩ የተሻለ ልብ ነበረው ማለት ነው። ደመወዙ ያነሰው ረዳት! ስለ እንቅስቃሴ ከዚያ ወዲህ የተጻፈው መጽሐፍ ሁሉ ከዚህ ጥናት ያልተበደረ የለም ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

በየስልኩ ላይ የሚቆጠረው «በቀን 10,000 እርምጃ» የሚባለውም ነገር ታሪክ አለው። ቁጥሩ የተወለደው ከሆስፒታል አይደለም። በ1965 እ.ኤ.አ. አንድ የጃፓን ኩባንያ እርምጃ መቁጠሪያ ሲሸጥ ለዕቃው ያወጣው ስም ነው፤ የማስታወቂያ ቁጥር መሆኑ ነው። ቆይቶ በ2019 እ.ኤ.አ. አይ-ሚን ሊ የተባሉት የሃርቫርድ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው አማካይ ዕድሜያቸው 72 የሆነ 16,741 አሜሪካውያን ሴቶችን ሲከታተሉ፣ በቀን 4,400 እርምጃ የሚሄዱት 2,700 ከሚሄዱት ይልቅ በክትትሉ ዘመን የመሞት ዕድላቸው ከመቶ 41 ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ጥቅሙ እያደገ ሄዶ 7,500 አካባቢ ሲደርስ ቆመ። የጀጎልን ግንብ አንድ ጊዜ መዞር ከ4,000 እርምጃ በላይ ነው። ግድር መጋላ ላይ አትክልትና ቅመም የሚሸጡት እናቶች የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንዲሆን የሚመክረውን እንቅስቃሴ ዘንቢል ተሸክመው ገና ሐሙስ ሳይደርስ ጨርሰውታል።

ቤቱም የራሱ ሥራ አለው። በሐረሪዎች ባህላዊ ቤት ውስጥ መቀመጫው «ነደባ» የተባለው ባለ ደረጃ መደብ ነው። እያንዳንዱ ነደባ ባለቤት አለው፤ አሚር ነደባ ላይ የሚቀመጠው የቤቱ ታላቅ ነው። ሽማግሌው በቀን ስንት ጊዜ ከመደብ ይነሳል፣ ይወርዳል፣ ይወጣል? ስለ ኦኪናዋ ደሴት አዛውንቶች የተጻፉት መጻሕፍት መሬት ላይ ተቀምጦ መነሳት ለጉልበትና ለሚዛን መጠበቅ ይጠቅማል እያሉ ምዕራፍ ሙሉ ሲያትቱ፣ ሐረር ላይ ግን ይህ የቤት ዕቃ ጉዳይ ነበር። ሶፋው ከገባ በኋላ ሽማግሌው ጠዋት ተቀምጦ ማታ ይነሳል።

ከግንቡ ወጥቶ የሠፈረውን ነጋዴ «ተመለስና ጠባብ ቤት ግባ» የሚለው የለም። ሱቁ ጀጎል ውስጥ ወይም ሸዋ በር አካባቢ ከሆነ ግን መኪናውን ግንቡ ድረስ አምጥቶ ቀሪውን በእግር መጨረስ ይችላል። ለጠዋት ሩጫ ተብሎ ከሚገዛው ጫማ ይልቅ ይህ ይዘልቃል፤ ወደ ሱቅ መሄድ የማይቀር ጉዳይ ነውና።

በአወዳይ የሚቆጠበው ሰዓት የት ይገባል?

ስለ ጊዜ አጠቃቀም ለመማር ከአወዳይ የበለጠ ትምህርት ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ከሐረር ብዙም የማትርቀው የጫት ገበያ የቆመችው በሰዓት ላይ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ካቲኖን የሚባለው፣ ከተቆረጠ በኋላ ወደ ደካማ ዓይነት እየተለወጠ ይሄዳል። 2 ቀን ያለፈው ጫት ሸማችም ዋጋም ያጣል። ስለዚህ ለቃሚው፣ መራጩ፣ አሳሪው፣ ጫኙ፣ ሾፌሩ ሁሉ ከሰዓት ጋር ይሽቀዳደማሉ። ገበያው ሌሊት ይደምቃል፤ ጭነቱ ወደ ሶማሌላንድና ወደ ጅቡቲ አቅጣጫ ይከንፋል። ብሪታንያ በሰኔ 2006 ዓ.ም. ጫትን እስክታግድ ድረስም እሽጉ አውሮፕላን ተሳፍሮ ለንደን ይደርስ ነበር። «ዋና የሆነውን አስቀድም» የሚለውን የኮቪን ትምህርት መጽሐፉን ሳያነቡ የሚያስተምሩት የአወዳይ ሴቶች ናቸው።

የሚያሳዝነው እዚያ በደቂቃ የተቆጠበው ጊዜ ሐረር ሲደርስ በሰዓት መበተኑ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ነጋዴ ወይም ደላላ በሳምንት 6 ቀን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት በርጫ ላይ ቢቀመጥ በሳምንት 24 ሰዓት ይሆናል። ሙሉ አንድ ቀንና ሌሊት ማለት ነው። በ50 ሳምንት 1,200 ሰዓት ይመጣል። ይህ በ8 ሰዓት የሥራ ቀን ሲካፈል 150 የሥራ ቀን ነው። ለጫቱ የሚወጣው ገንዘብ ገና አልተደመረም።

እርግጥ ነው፣ በርጫ ቤት የገበያ ቦርሳም ነው። የትኛው ቤት ለሽያጭ እንደ ቀረበ፣ የትኛው ጭነት ኬላ ላይ እንደ ተያዘ፣ ማን እንደ ከሰረ የሚሰማው እዚያ ነው። ደላላ ከዚያ ቀረ ማለት ወሬ ቀረበት ማለት ነው። ይህን ያልተረዳ መካሪ ለሐረር አይመክርም። ነገር ግን ወሬው የሚያልቀው በመጀመሪያው ሰዓት ወይም በሁለተኛው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ምርቃና ነው፤ በምርቃና ላይ የተገነባው ፎቅ ደግሞ በማግሥቱ መሠረት የለውም።

ፒተር ድራከር በ1967 እ.ኤ.አ. ስለ ውጤታማ ሥራ መሪ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አንድ የኩባንያ ሊቀ መንበር አለ። ሊቀ መንበሩ ጊዜውን በ3 ከፍሎ ለከፍተኛ ሠራተኞቹ፣ ለትልልቅ ደንበኞቹና ለማኅበራዊ ጉዳይ እንደሚያውል በፍጹም እምነት ይናገር ነበር። ለ6 ሳምንታት ሰዓቱ በጽሑፍ ሲመዘገብ ግን ለሦስቱም ጊዜ አልሰጠም ለማለት ይቻላል። የዋለበት ሥራ የሚያውቃቸውን ሰዎች ትእዛዝ በስልክ እያሳደደ ፋብሪካውን ማወክ ነበር። ሊቀ መንበሩ መዝገቡን ሲያይ ማመን አቃተው። ሐረር ላይ ሁለት ስልክ ይዞ «ጭነቱ የት ደረሰ?» እያለ ቀኑን የሚጨርስ ነጋዴ ይህን ታሪክ ቢያነብ ስሙ የተጻፈ ሊመስለው ይችላል። የድራከር ምክር አንድ ነው። ጊዜ እንዴት እንደ ዋለ ትዝታ አይታመንም፤ ይጻፍ።

ከጤና በኩል የሚባለውም አጭር ነው። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። በ2011 እ.ኤ.አ. በየመንና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሆስፒታሎች በገቡ የልብ ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ጫት የሚቅሙት ከማይቅሙት ይልቅ ለስትሮክና ለሞት የበለጠ ተጋልጠው መገኘታቸውን ዘግቧል። ለ25 ዓመት ጎልማሳ ይህ የሩቅ ወሬ ይሆናል። ግፊት ላለበት የ55 ዓመት ሰው ግን የነገ ጉዳይ ነው።

ሮቢን ሻርማ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው መጽሐፍ ደግሞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳትን እንደ ታላቅ ግኝት ያቀርባል። ሐረር ውስጥ በዚያ ሰዓት የሱብሒ አዛን ከየመስጊዱ ይሰማል፤ መድኃኔ ዓለምም የሚሳለም ሰው ይነሳል። ምክሩ ለከተማው ብርቅ አይደለም። መጽሐፉን ገዝቶ የሚከተል ሰው ግን መቼ እንደሚተኛ ቢጠየቅ ይበጃል። ምርቃና እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ዓይኑን ከፍቶት በ11 ሰዓት የሚነሳ ሰው የተኛው 3 ሰዓት ነው። ጠዋት ሱቅ ላይ የሚነጫነጨውና በዋጋ የሚሳሳተውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንቅልፍን ወደፊት ያላመጣ ሰው ማለዳን ማግኘት አይችልም።

የጃፓን እቁብና የሐረር አፎቻ

ሄክቶር ጋርሲያና ፍራንሴስክ ሚራዬስ በ2016 እ.ኤ.አ. «ኢኪጋይ» በሚል ርዕስ ያወጡት መጽሐፍ በኦኪናዋ ኦጊሚ የተባለች መንደር አዛውንቶች ለምን ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ ብሎ ይጠይቃል። ከመልሶቹ አንዱ «ሞአይ» ነው። ሰዎች ተሰባስበው በየወሩ ያዋጣሉ፤ በተራ ይወስዳሉ፤ ያዘነውን ያጽናናሉ። ይህ ለአውሮፓ አንባቢ እንግዳ ነገር ሆኖ ተተርኳል። ለመርካቶና ለሐረር ነጋዴ ግን እቁብ ነው። በሐረሪዎች ዘንድ ደግሞ ለሠርግና ለለቅሶ የሚያስተባብረው አፎቻ አለ፤ የወንዶችም የሴቶችም። ሲድኒ ዋልድሮንና ፒተር ኮን የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን በ1978 እ.ኤ.አ. ስለ አፎቻ ባሳተሙት ጥናት ይህ ማኅበር ሕዝቡንና አስተዳደሩን የሚያገናኝ ድልድይ መሆኑን አሳይተዋል።

ይህ ሁሉ ዕድሜ ያረዝማልን? በ2010 እ.ኤ.አ. ጁሊያን ሆልት-ሉንስታድና ባልደረቦቻቸው 148 ጥናቶችን ሰብስበው፣ 308,849 ሰዎችን የሚመለከት ስሌት ሠርተው ነበር። ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በጥናቶቹ ዘመን በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከሌላቸው በ50 ከመቶ በልጦ ተገኝቷል። ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰዎችን የሚከታተለው የሃርቫርድ ጥናትም በ80 ዓመት ማን ጤነኛ እንደሚሆን ለመገመት፣ በ50 ዓመቱ ከነበረው ኮሌስትሮል ይልቅ በግንኙነቶቹ የነበረው እርካታ የተሻለ ምልክት እንደነበር አስተውሏል።

እዚህ ላይ ሀብታሙን ነጋዴ የሚነካ ነገር አለ። ሥራ ሲበዛ ለአፎቻውም ለእድሩም መዋጮውን በሰው ይልካል፤ ራሱ ይቀራል። በለቅሶ ቤት ስሙ ይጠራል፣ ፊቱ አይታይም። ጥናቶቹ የመዘኑት ግንኙነትን ነው፤ የመዋጮ ደረሰኝ የቆጠረ የለም።

የረጅም ዕድሜ መጻሕፍትን ሲገዙ ግን ሚዛኑን መፈተሽ ያስፈልጋል። በ2010 እ.ኤ.አ. የጃፓን መንግሥት የቤተሰብ መዝገቡን ሲያጣራ ከ100 ዓመት በላይ ናቸው ተብለው ከተመዘገቡት መካከል ከ230,000 በላይ የሚሆኑት የት እንዳሉ የሚታወቅ ነገር አልተገኘም። ብዙዎቹ ከሞቱ ቆይተዋል። ሶል ኒውማን የተባለው ተመራማሪም ረጅም ዕድሜ ይገኝባቸዋል የሚባሉት ቦታዎች ብዙ ጊዜ የልደት መዝገባቸው የተበላሸ መሆኑን በማሳየት በ2024 እ.ኤ.አ. አስቂኝ ግን አሳሳቢ ለሆኑ ጥናቶች የሚሰጠውን የኢግ ኖቤል ሽልማት አግኝቷል። በኢትዮጵያም የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ዕድሜው «ከጣሊያን በፊት» በሚል የሚቆጠር አዛውንት ስንት ዓመቱ እንደሆነ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ስለዚህ «እዚያ አገር ሰው 110 ዓመት ይኖራል» የሚለውን ማስታወቂያ ትቶ፣ በሌላ ሚዛንም የተረጋገጠውን መውሰድ ነው። መራመድ፣ መተኛት፣ ሲጋራ አለማጨስ፣ ግፊትና ስኳርን መቆጣጠር፣ ከሰው ጋር መኖር። ስለ ሀብት የሚጽፉትም ከዚህ አያመልጡም። ናፖሊዮን ሂል በ1937 እ.ኤ.አ. የታተመውን ታዋቂ መጽሐፉን ሐሳብ ያገኘሁት ከከበርቴው አንድሪው ካርኔጊ ነው ይላል፤ የካርኔጊን የሕይወት ታሪክ የጻፉት ዴቪድ ናሶ ግን ሁለቱ ስለ መገናኘታቸው ማስረጃ አላገኙም።

ስለ ምግብ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ኦኪናዋዎች «ከ10 እጅ 8 እጅ ሲሞላ አቁም» ይላሉ። ሆድን ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ በ3 መክፈል ለሐረር ሙስሊም ከሐዲስ የታወቀ ነው፤ ክርስቲያኑም ጾም አለው። ችግሩ ያለው በዕውቀቱ ላይ ሳይሆን በጽዋው ላይ ነው። በርጫ ላይ የሚጠጣው ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ፣ በየቤቱ የሚበላው ሐልዋ፣ ቁቲ በወተት ሲጠጣ የሚገባው ጨው ሁሉ ይደመራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይበቃል ይላል። ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው።

ሂሳቡ በጭንቅላት ሲቀር

እርጅናና የሥራ ብቃት ፊት ለፊት የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል ሸዋ በር ላይ ጨርቅ የሚያከፋፍል፣ ዕድሜው 58 የደረሰ ነጋዴ ይታሰብ። ጅጅጋ ላይ 12 ሰው የእሱን ዱቤ ይዟል፤ ድሬዳዋ ላይ እሱ የ3 ሰው ዕዳ አለበት። ገሚሱ በወረቀት፣ ገሚሱ በቃል፣ ገሚሱ «እኔና እሱ እንተዋወቃለን» በሚል ነው። አንድ ሌሊት ስትሮክ መትቶት ምላሱ ቢያዝ ዕዳ የሚጠይቁት በማግሥቱ ይመጣሉ። ዕዳ ያለባቸው ግን አይመጡም። ልጁ የአባቱን ስልክ ከፍቶ ስሞችን ያያል፤ ከስሞቹ አጠገብ ግን የገንዘብ ልክ የለም። የ30 ዓመት ንግድ በ30 ቀን ይሟሟል። ነጋዴው ሳይሞትም ይህ ሊሆን ይችላል። ትዝታ ቀስ በቀስ ሲደክም ማንም ሳያውቅ በየወሩ ጥቂት ብር ከዱቤው ይጠፋል።

የጊዜ አጠቃቀም መጻሕፍት «ከጭንቅላትህ አውጥተህ ወረቀት ላይ አስፍር» እያሉ በብዙ ምዕራፍ ይመክራሉ። ዴቪድ አለን በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የሥርዓቱ መሠረት አድርጎታል። በሐረር ግን ትእዛዙ ከዚያ ይቀድማል። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ አል-በቀራ 282፣ ዱቤ ሲዋዋሉ ይጻፍ፣ ምስክርም ይኑር ይላል። የጀጎል ልጅ ይህን በልጅነቱ ቀርቶታል። ከተማይቱም በእጅ በተጻፉ መጻሕፍትና በጥራዝ ሥራ የታወቀች ናት። ይህን ሁሉ ይዞ ዱቤን በቃል መያዝ ከልማድ በቀር ምክንያት አይገኝለትም። አንዳንዱ «ልጄ ካወቀው ይበትነዋል» ብሎ ይፈራል። ፍራቻው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ልጅ አባቱ በሕይወት እያለ ቢሳሳት አባት ያርመዋል። የሁለት ወይም የሦስት ደንበኞችን ሂሳብ አስረክቦ ለ6 ወር ማየት ከሱቁ ጠቅላላ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ውርርድ ነው። በመንገድም ሆነ በሆስፒታል ሰበብ ባለቤቱ አንድ ሳምንት ቢጠፋ ሱቁ ይከፈታል ወይስ ይዘጋል? በዚህ ጥያቄ የሱቁም የሰውዬውም የእርጅና ልክ ይታወቃል።

ድራከር የሰዓት መዝገብ ቢያንስ በዓመት 2 ጊዜ፣ በየጊዜውም ለ3 ወይም ለ4 ሳምንታት ይያዝ ይላል። ለሐረር ነጋዴ ወቅቱ ይመረጥ። በረመዳን የቀኑ ሥርዓት ሁሉ ይለወጣል። በሸዋል የመጀመሪያ ሳምንት ተጹሞ ሸዋሊድ ሲከበር ደግሞ ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ሳይቀር ከተማውን ስለሚሞላ ከተለመደው የተለየ ገበያና እንግዳ ይኖራል። ሁለቱም ስለ ተራው ቀን አይናገሩም። በዓላቱ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ስለሚመጡ የዘንድሮውን ቀን አይቶ መጀመር ነው። አንዱ መዝገብ የቡና ምርት ገበያውን በሚያሟሙቅበት ወቅት፣ ሌላው በክረምት ቢሆን ልዩነቱ ይታያል። አዲስ ደብተር መግዛትም አያስፈልግም። ከዱቤ ደብተሩ በስተመጨረሻ ባሉት ባዶ ገጾች ላይ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ መስመር ይሞላል፤ ሱቅ፣ ስልክ፣ መንገድ፣ በርጫ፣ ለቅሶ፣ እንቅልፍ። የግፊቱም ልክ በዚያው ገጽ ራስጌ ላይ ከነቀኑ ይጻፋል።